እርከናችሁ በካሳ እንዲቆጠር ከአሁኑ የምታደርጉት

በወር ውስጥ ሦስት አራት ሰው ይደውልልኛል። ጥያቄው አንድ ነው። «መንግሥት መሬቱን ለሚንከባከብ ገበሬ ይከፍላል ይባላል፤ እውነት ነው? የት ሄጄ ልመዝገብ?» አብዛኛው ውጭ ካለ ዘመዱ ሰምቶ ነው። አሜሪካ ውስጥ የግብርና መሥሪያ ቤቱ፣ አፈሩ የሚሸረሸር መሬቱን ከእርሻ አውጥቶ ሣር ወይም ዛፍ ለሚያለብስ ገበሬ፣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ውል ተዋውሎ በየዓመቱ ኪራይ ይከፍላል። ይሄ እውነት ነው። እኛ ጋ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ እርከን ሠርቻለሁ ብላችሁ በየዓመቱ የምትቀበሉት እንዲህ ያለ ክፍያ የለም። በሴፍቲኔት ወረዳዎች ለእርከን ሥራ የሚከፈለው ገንዘብም ለተመረጡ ችግረኛ ቤተሰቦች የሚሰጥ የሥራ ክፍያ እንጂ ለባለ ይዞታው የሚሰጥ አይደለም።

ግን በከተማው ዳር ለምናርስ ሰዎች የአፈር ጥበቃ ሥራ ገንዘብ የሚሆንበት አንድ በር አለ። ካሳ ነው። መሬቱ ለመንገድ፣ ለኮንዶሚኒየም ወይም ለሌላ ልማት ሲፈለግ፣ ከሰብሉና ከቤቱ ሌላ «ቋሚ መሻሻል» የሚባል ነገር ይገመታል። እርከን፣ የድንጋይ ካብ፣ ድልደላ፣ የውሃ ማቆሪያ እዚህ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ይሄ መብት እንዳለው አያውቅም። የሚያውቀውም ማስረጃ የለውም። ስለዚህ ደጋግሜ በስልክ የምለውን እዚህ በቅደም ተከተል አስቀምጫለሁ።

ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይሄ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ነገር ግን የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 7፣ በጉልበታችሁ ወይም በገንዘባችሁ መሬቱ ላይ ያደረጋችሁት ቋሚ መሻሻል የእናንተ እንደሆነና ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳላችሁ ይናገራል። መሬት ለልማት ሲወሰድ ስለሚከፈል ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ የካሳው መጠን መሬቱ ላይ የወጣውን ገንዘብና ጉልበት ወቅታዊ ዋጋ ያህል መሆን አለበት ይላል። «ወቅታዊ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ከታች እመለስባታለሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ወይም ካርታ፣ ከሁለት ኮፒ ጋር
- ካሜራ ያለው ስልክ
- ከ30 እስከ 50 ሜትር የሚሆን ሜትር (ከሠፈር ተዋሱ፣ አንድ ቀን ይበቃል)
- 10 ሜትር ሲባጎ፣ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንግ፣ ሲባጎ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ
- ገጹ የማይገነጠል ጠንካራ ደብተር እና ሰማያዊ ብዕር (እርሳስ አይሆንም)
- ወረቀቶቹን የምታስቀምጡበት የፕላስቲክ ፋይል
- ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ የቤተሰብ አባል፣ ተማሪ ልጅም ይሆናል

ውሃ ልኩ ሕንፃ መሣሪያ ቤት ይገኛል። ሌላው ሁሉ ከቤት ነው።

1. ይዞታው በማን ስም እንዳለ አረጋግጡ

ሌላውን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ደብተሩን አውጡና ስሙን አንብቡ። በሞቱ አባት ወይም አያት ስም ከሆነ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥታችሁ ስሙን አዛውሩ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ የሁለታችሁም ስም መኖሩን እዩ። ምክንያቱም ካሳ የሚከፈለው ለባለ ይዞታው ነው፤ እርከኑን የሠራው ልጅ ቢሆንም፣ ደብተሩ ላይ ስሙ ከሌለ ገንዘቡ ፍርድ ቤት ይታገዳል፣ ከዚያ ወንድማማቾች ይካሰሳሉ። ይሄን ስንት ቤት አይቻለሁ።

ስፋቱንም አመሳክሩ። ደብተሩ ላይ ያለው ሄክታርና እግራችሁ የሚረግጠው መሬት ካልተስማማ አሁኑኑ አስተካክሉት።

2. ሥራ ሳትጀምሩ ፎቶ አንሱ

ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይሄ ነው። እርከን ከተሠራ በኋላ ብቻ የተነሳ ፎቶ ምንም አያስረዳም፤ «ድሮም እንደዚህ ነበር» ሊባል ይችላል። መሬቱ ተቦርቡሮ፣ ጎርፍ ቦይ ቀዶበት፣ አፈሩ ታጥቦ ድንጋዩ ገጦ እያለ አንሱት።

የምትቆሙበትን ቦታ ምረጡና ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ አንሱ። ከኋላ የማይነቃነቅ ነገር ይታይ፦ ትልቅ ዋርካ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ የመብራት ፖል። ያኔ የዛሬውና የሚቀጥለው ዓመት ፎቶ አንድ መሬት መሆኑን ማንም አይጠራጠርም።

ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ፎቶውን በዚያው ቀን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፣ ከሥሩም ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፉበት። ስልኩ ቀኑን የሚይዘው በፈረንጅ ስለሆነ፣ በደብተራችሁ ላይ ያለው የካቲት 3 እና ስልኩ ላይ ያለው ቀን አልገጠመም ተብሎ ክርክር ሲነሳ አይቻለሁ።

3. የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ቀድማችሁ ጥሩ

ዲኤ የምንላቸው ሰዎች ናቸው። ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ይምጡና መሬቱን ይዩት። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ እርከኑ በሙያ ልክ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ነገ ምስክር ይሆኗችኋል። ልኬቱ የመንግሥት ባለሙያ እያየው የተሠራ መሆኑ ብቻ ካሳውን የሚገምቱትን ሰዎች ጥያቄ ብዙ ይቀንሳል።

ከመምጣታቸው በፊት ተዳፋቱን እናንተም ለኩት። ሲባጎውን በሁለቱ ዘንጎች ላይ እኩል ቁመት ላይ እሰሩት። መሐሉ ላይ ውሃ ልኩን አንጠልጥሉ። አንዱ ሰው ከላይ፣ ሌላው ከታች ይቁም፤ ሲባጎው እስኪወጠር ይራራቁ። ከላይ የቆመው ሲባጎውን በዘንጉ ላይ ወደ ታች እያንሸራተተ የውሃ ልኩ አረፋ መሐል እስኪገባ ያወርዳል። ሲባጎው የወረደበትን ቁመት በሜትር ለኩ። በ10 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 10 በመቶ ነው። ግማሽ ሜትር ከሆነ 5 በመቶ። ሦስት ቦታ ላይ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ።

4. እርከኑን በልክ ሥሩ

ካሳውን አስባችሁ የምትሠሩት እርከን ሁለት ክረምት ካልቆየ ምንም አይደለም። «ቋሚ» የተባለው ስለሚቆይ ነው። ስለዚህ ልኩን ጠብቁ።

በሀገራችን የአፈር ጥበቃ አሠራር፣ ተዳፋቱ ከ15 በመቶ በታች ከሆነ ከአንዱ እርከን እስከ ቀጣዩ ያለው የቁመት ልዩነት 1 ሜትር ነው። ማለትም 10 በመቶ ተዳፋት ላይ እርከኖቹ በ10 ሜትር ይራራቃሉ፤ 5 በመቶ ላይ በ20 ሜትር። ከ15 በመቶ በላይ ሲሆን የአፈሩን ጥልቀት በ2.5 ታባዛላችሁ። አፈሩ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካለው የቁመት ልዩነቱ 1.5 ሜትር ይሆናል ማለት ነው፤ 20 በመቶ ተዳፋት ላይ ይሄ 7 ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ይሰጣችኋል።

ቦዩን ወርዱንም ጥልቀቱንም ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ። አፈሩን በቦዩ ጠርዝ ላይ አትከምሩት፤ አንድ ጫማ ያህል ቦታ ተዉ፣ አለበለዚያ በመጀመሪያው ዝናብ ተመልሶ ቦዩን ይሞላዋል። የተከመረውን በእግር እየረገጣችሁ ጠቅጥቁት። ቦዩ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ማገጃ ተዉለት፤ ውሃው እንዳይሮጥና አንድ ቦታ ተጠራቅሞ እንዳይበጥሰው።

በሱሉልታና በሰንዳፋ በኩል እንዳለው ጥቁር አፈር (ኮትቻ) ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ኮትቻ ውሃ አያሰርግም። እዚያ ላይ ምንም ያልዘቀዘቀ እርከን ከሠራችሁ ውሃው ይተኛና ጤፉንም ስንዴውንም ያበሰብሰዋል። ቦዩ ከ100 ሜትር 1 ሜትር ያህል ዘቅዘቅ ብሎ ወደ ውሃ መውረጃ ይውሰደው፤ ማገጃም አታድርጉበት። መውረጃው ደግሞ የጎረቤት ማሳ መሆን የለበትም። ከጎረቤት ጋር ካልተስማማችሁ ያ እርከን ማስረጃ ሳይሆን ክስ ይሆንባችኋል።

ሥራው ከመኸር መሰብሰብ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ሣሩና ችግኙ ሐምሌ ላይ ይተከላል። ለደጋችን ደሾ ሣርና ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ጥሩ ናቸው፤ እርከኑን ያስሩታል፣ ከብትም ይበላቸዋል። ባህር ዛፍ እርከን ላይ አትትከሉ፤ አጠገቡ ያለውን ሰብል ያደርቀዋል።

5. የጉልበት መዝገብ ያዙ

የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። ሌላውን ብትረሱ ይሄን አትርሱ።

«ወቅታዊ ዋጋ» ያልኳችሁን አስታውሱ። ካሳው የሚሰላው በሠራችሁበት ዓመት በከፈላችሁት ብር አይደለም። ያ ጉልበት ዛሬ ስንት ያወጣል ተብሎ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን አስታውሱና ከአሁኑ ጋር አወዳድሩት። ስለዚህ ብር ብቻ አትጻፉ። የሰውና የቀን ቁጥር ጻፉ። ብር ይረክሳል፤ «አምስት ሰው አንድ ቀን» ግን ሁልጊዜም አምስት ሰው አንድ ቀን ነው።

አንድ መስመር እንዲህ ይመስላል፦

«የካቲት 3፣ 2017። ከላይኛው ድንበር 2ኛ እርከን። 5 ሰው። ከጠዋት 2 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት። 33 ሜትር ተቆፈረ። ዶማ 3፣ አካፋ 2። እኔና ሁለት ልጆቼ፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች።» ከሥሩ የሠሩት ሰዎች ስምና ፊርማ። መፈረም ለማይችል የጣት አሻራ።

ይህ 33 ሜትር ከየት መጣ? በሀገሪቱ የተፋሰስ ሥራ መመሪያ ለአንድ ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው አንድ የሰው ቀን ነው)፣ ለፋንያ ጁ (አፈሩ ከቦዩ ወደ ላይኛው ጎን ለሚወረወርበት እርከን) 200፣ ለድንጋይ ካብ 250 የሰው ቀን ይመደባል። 5 ሰው በቀን 33 ሜትር መቆፈሩ ከዚህ ጋር ይገጥማል። መዝገባችሁ ከመመሪያው ጋር ሲቀራረብ ማንም አያጣጥለውም። 5 ሰው በቀን 10 ሜትር ብቻ ሠራ ብትሉ ግን «አጋነኑ» ይባላል፣ ከዚያ ሌላው እውነተኛ ቁጥራችሁም አብሮ ይጠረጠራል።

ለምሳሌ 400 ሜትር የአፈር እርከን ሠራችሁ እንበል። 60 የሰው ቀን ነው። በግምት ጊዜ የቀን ሥራ 400 ብር ቢሆን የጉልበቱ ዋጋ 24,000 ብር ይሆናል። 400 ሜትር የድንጋይ ካብ ቢሆን ደግሞ 100 የሰው ቀን፣ 40,000 ብር፤ ድንጋዩን ያመጣችሁበት ሳይጨመር። ሀብታም አያደርግም። ግን የእናንተ ነው፣ ለምን ይቅር?

የራሳችሁና የቤተሰባችሁ ጉልበትም ይቆጠራል። ብዙ አባወራ «እኔማ ማን ከፈለኝ» ብሎ ራሱን አይጽፍም። ሕጉ ጉልበት ነው ያለው፣ የተከፈለ ደሞዝ አላለም። ደቦም እንደዚሁ። ደቦ ብድር ነው፤ ዛሬ የሠራላችሁ ሰው ጋ ነገ ሄዳችሁ ትሠራላችሁ። የመጡትን ሁሉ በስም ጻፉ።

በዘመቻ የተሠራውን ግን ለዩት። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ወጥቶ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ የእናንተ ወጪ አይደለም። በራሳችሁ ስም ካስገባችሁት ቀበሌው ያውቀዋል፣ ሙሉ መዝገባችሁም ይወድቃል።

6. ደረሰኝ፣ ደረሰኝ ከሌለም ውል

አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ ለድልደላና ለእርከን የወጣውን የማሽን፣ የቁሳቁስና የጉልበት ወጪ ይቆጥራል። ድንጋይ በሲኖትራክ ካስመጣችሁ፣ ዶዘር ከተከራያችሁ፣ የጋቢዮን ሽቦ ከገዛችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ። ድንጋይ የሚያመጣው ሾፌር ደረሰኝ አይሰጥም፤ እሱን አውቃለሁ። ያኔ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ስንት ቢያጆ፣ ከየት፣ በስንት ብር፣ የመኪናው ታርጋ፣ የሾፌሩ ፊርማ፣ የሁለት ምስክሮች ፊርማ። በባንክ ወይም በቴሌብር ከከፈላችሁ የክፍያውን ማረጋገጫ ፎቶ አንሱና አብሩት።

7. ሥራው እንዲለካና እንዲመዘገብ በደብዳቤ ጠይቁ

በቃል የጠየቃችሁት አይቆጠርም። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«ለ……… ግብርና ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ በይዞታዬ ላይ የሠራሁት የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ ተለክቶ እንዲመዘገብልኝ ስለመጠየቅ
በደብተር ቁጥር ……… በተመዘገበው ይዞታዬ ላይ ከ……… እስከ ……… ባለው ጊዜ በራሴ ወጪና ጉልበት ……… ሜትር የአፈር እርከን እና ……… ሜትር የድንጋይ ካብ ሠርቻለሁ። ባለሙያ ተመድቦ ሥራውን በቦታው ተገኝቶ ለክቶ በቃለ ጉባኤ እንዲያረጋግጥልኝ እጠይቃለሁ። የሥራ መዝገብና ፎቶ … ገጽ አባሪ አድርጌያለሁ።»

በሁለት ኮፒ ያዙት። አንዱን ስጡ፣ በሌላው ላይ መዝገብ ቤት «ገቢ» ማህተም፣ ቀንና ቁጥር ያስደርጉ። ባለሙያው ባይመጣ እንኳ፣ እናንተ በዚያ ቀን እንደጠየቃችሁ ያ ማህተም ይመሰክራል።

የት ትሰጡታላችሁ? በአቃቂ ቃሊቲ ወይም በለሚ ኩራ በኩል በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ከሆናችሁ፣ በየክፍለ ከተማው ያለው የአርሶ አደርና ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ነው። በሸገር ከተማ ወይም በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች ከሆናችሁ ቢሮው የሚሠራው በአፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤውን በአፋን ኦሮሞ አጽፉ። በአማርኛ ይዛችሁ ሄዳችሁ ለትርጉም ስትመለሱ አንድ ቀን ይባክናል። ለመሬት አስተዳደሩም ግልባጭ አድርጉ፤ ካሳ ሲመጣ ፋይሉን የሚከፍተው እሱ ነው።

8. የዓመት ገቢያችሁንም ጻፉ

ይሄ ከእርከኑ የተለየ ይመስላል፤ ግን ትልቁ ገንዘብ እዚህ ነው። በአዋጅ 1161/2011 መሠረት፣ በቋሚነት የሚነሳና ምትክ መሬት ያላገኘ የገጠር ባለ ይዞታ፣ ከመነሳቱ በፊት በነበሩት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው የዓመት ገቢ 15 እጥፍ የመፈናቀያ ካሳ ያገኛል። አስቡት። እርከኑ ላይ የተከላችሁትን ሣር አጭዳችሁ በዓመት 8,000 ብር ብትሸጡና ይህ ገቢ ቢያዝላችሁ፣ በ15 ሲባዛ 120,000 ብር ነው። ገማቹ ግን ጤፉን ያያል እንጂ ሣሩን አያይም። የሣር፣ የማር፣ የችግኝ፣ የወተት ሽያጫችሁን ቀን፣ መጠንና የገዢውን ስም እየጻፋችሁ ያዙ። አዋጁ 2016 ላይ ማሻሻያ ስለወጣለት፣ ግምት ሲሠራላችሁ በየትኛው አንቀጽ እንደተሰላ አስጽፉ።

9. በየዓመቱ ጠግኑ፣ በየዓመቱ ፎቶ አንሱ

የፈረሰ እርከን አይገመትም። መስከረም ላይ ክረምቱ ሲወጣ የተበጠሰውን አይታችሁ ምልክት አድርጉ፣ ጥር ላይ ጠግኑ። የጥገናው ጉልበትም ደብተሩ ላይ ይግባ። ከብት እንዳይረግጠው ማሳውን ከልቅ ግጦሽ ዝጉት።

10. ገማቾቹ የመጡ ቀን

እቤት ሁኑ። ልጅ ወይም ጎረቤት ወክላችሁ አትሂዱ።

በእኛ ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። ኮሚቴው የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። ሣሩ ከወገብ በላይ ነበር። አባቴ ለዓመታት ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው የካቡት ካብ ሣር ውጦት አይታይም። ቅጹን የሚሞላው ልጅ እዚያው ካብ ላይ ቆሞ ነበር። «ሌላ ንብረት አለ?» አለ። አባቴ «እርከን አለ» አሉ። «ስንት ሜትር? መቼ የተሠራ? ማስረጃ?» አባቴ እጃቸውን ዘርግተው ከላይ እስከ ታች አሳዩት። ልጁ ቀና ብሎ አየና ቅጹ ላይ ሰረዝ አደረገ። አባቴ የተጻፈውን ሳያነቡ ፈረሙ። እኔ የደረስኩት ማታ ነው።

ስለዚህ፦ ገማቾቹ እንደሚመጡ ስትሰሙ እርከኑ ላይ ያለውን ሣር እጨዱት። በእያንዳንዱ እርከን ጫፍና ጫፍ ላይ ችካል ተክላችሁ ነጭ ጨርቅ እሰሩበት። ፋይሉን ይዛችሁ አብራችሁ ዙሩ። ሜትር ሲይዙ እናንተም አንዱን ጫፍ ያዙ። ቅጹ ላይ «ቋሚ መሻሻል» ለብቻው መስመር መሞላቱን እዩ፤ ከዛፍና ከሰብል ጋር ተደባልቆ ከተጻፈ እንዲለዩት ጠይቁ። ያልተስማማችሁበት ቁጥር ካለ፣ ከፊርማችሁ በላይ «የእርከኑ ርዝመት አልተካተተም፣ ቅሬታ አለኝ» ብላችሁ ጽፋችሁ ፈርሙ። የተፈረመውንም በስልካችሁ አንሱት።

ተጠንቀቁ

የማስነሻ ትእዛዝ ከደረሳችሁ በኋላ የሠራችሁት እርከን፣ የተከላችሁት ችግኝ፣ የዘራችሁት ሰብል ካሳ የለውም። በችኮላ አንድ ሌሊት ውስጥ ባህር ዛፍ የሚተክሉ ሰዎች አሉ። ገማቾቹ የዛፍ ዕድሜ ያውቃሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲያዩ የድሮውንም እርከን አብረው ይጠራጠሩታል።

«ካሳውን እኔ ከፍ አስደርግላችኋለሁ» የሚል ደላላ ከመጣ በሩን ዝጉ። ለመገመት የሚከፈል ኮሚሽን የለም። ውክልናም አትስጡት፤ ገንዘቡ በእሱ እጅ ነው የሚወጣው።

የደብተሩን ዋናውን ለማንም አትስጡ። ኮፒ ስጡ፣ ዋናውን አሳይታችሁ መልሱ።

ሰው በብዛት የሚሳሳትባቸው

መሬቱን ለእኩል አራሽ ወይም በኪራይ ሰጥታችሁ እርከኑን ተከራዩ ከሠራው፣ ካሳ ሲመጣ ሁለታችሁም «የእኔ ነው» ትላላችሁ። ከመጀመሪያው ውሉ ላይ እርከን ማን ይሠራል፣ ወጪው የማን ነው የሚለውን ጻፉ።

ሁሉንም ነገር አንድ ላይ መጻፍ ሌላው ስህተት ነው። እርከን በአንድ ገጽ፣ ዛፍ በሌላ፣ ሽያጭ በሌላ። እርከኑ መሻሻል ነው፤ በላዩ ያለው ሣር ምርት ነው፤ ዛፉ ለብቻው ይቆጠራል። አንዱን ሁለት ቦታ ካስገባችሁ ሙሉው ይሰረዛል።

ደብተሩን ከሥራው ስድስት ወር በኋላ በአንድ ቀን ቁጭ ብሎ መሙላት። ያስታውቃል። አንድ ብዕር፣ አንድ እጅ ጽሑፍ፣ ንጹሕ ገጽ። በየቀኑ የተሞላ ደብተር ጭቃ ይነካዋል፣ ብዕሩ ይለዋወጣል፣ ፊርማው ይለያያል፤ የሚታመነውም ለዚያ ነው።

እና ቅሬታ። የግምቱ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ የቅሬታ ቀን መቆጠር ይጀምራል። የደረሳችሁበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ፣ በደብዳቤው ላይ ያለውን የጊዜ ገደብ አንብቡ፣ ሳያልፍ ለቅሬታ ሰሚው አካል በጽሑፍ አስገቡ። መልሱ ካላረካችሁ ወደ ይግባኝ ሰሚው፣ ከዚያም ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። በቅሬታው ላይ «ካሳው ትንሽ ነው» ብላችሁ አትተዉት። «በቃለ ጉባኤ የተለካው 400 ሜትር የድንጋይ ካብ አልተካተተም፣ ማስረጃው በአባሪ 3 ይገኛል» በሉ። በገቢ ማህተም የተመታ ኮፒያችሁን እስክትይዙ ድረስ ከመዝገብ ቤቱ መስኮት አትነሱ።